የፍሬን ዘይት አቀያየርና አየር አወጣጥ፦ ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ እንዳይቀርባችሁ

የፍሬን ዘይት ቀይሮ አየሩን ማስወጣት ሁለት ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰው አራቱንም ጎማ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ሁለት ሊትር ዘይት ጨርሶ፣ ፔዳሉ አሁንም እንደ ስፖንጅ ይሰምጥበታል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የአየር ማስወጫው (እያንዳንዱ ጎማ ጋ ያለው፣ ሲላላ ዘይትና አየር የሚያወጣው ትንሽ ቡሎን) ሳይዘጋ ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው እግሩን አንስቷል፤ የዘይት ማጠራቀሚያው ማንም ሳያየው ባዶ ሆኗል፤ ወይም ችግሩ ከመጀመሪያውም አየር አልነበረም።

መመሪያው በዘይት ግፊት ለሚሠሩ የቤት መኪናዎችና ፒክአፖች ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ የከባድ መኪና ፍሬን አሠራሩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አይነካም። ፔዳሉ ከፍሬኑ ጋር በኤሌክትሪክ ለሚገናኝባቸው ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪናዎችም አትጠቀሙበት። እነሱ ላይ በር ሲከፈት ብቻ ፓምፑ በራሱ ሊነሳ ይችላል፤ ያለ መመርመሪያ ማሽን መንካት አይገባም።

ደረጃ 1፦ ችግሩ በእርግጥ አየር መሆኑን አረጋግጡ

ፔዳሉ ሲረገጥ የማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን ዘይቱን ይገፋል። ዘይት ስለማይታመቅ ግፊቱ ሳይጎድል ጎማው ጋ ይደርሳል። አየር ግን ይታመቃል። ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው፦ የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 22 ሚ.ሜ ቢሆን፣ የፒስተኑ ፊት ስፋት 3.8 ካሬ ሴ.ሜ አካባቢ ነው። 1 ኪዩቢክ ሴ.ሜ አየር፣ ማለትም የአንድ ጠብታ ሃያ እጥፍ ብቻ፣ እስኪታመቅ ድረስ ፒስተኑ 2.6 ሚ.ሜ በከንቱ ይሄዳል። ፔዳሉ የእግርን ኃይል 4 እጥፍ የሚያበዛ ከሆነ፣ እግራችሁ 1 ሴ.ሜ ያህል ትርፍ ይወርዳል ማለት ነው። አንድ የቀረች አረፋ የማትናቀው ለዚህ ነው።

ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን ፈትሹ፦

- ሲረገጥ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ፣ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ አየር አለ። ወደ ደረጃ 2 እለፉ።
- ዝቅ ብሎ የሚይዝ፣ ሲይዝ ግን ጠንካራ ከሆነ፣ ኋላ ታምቡር ባለው መኪና ላይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ እንደገና ርገጡት። ፔዳሉ ከፍ ካለ ሸራውን አስተካክሉ። ዘይት ማፍሰስ ምንም አይለውጥም። በከንቱ ብዙ ሊትር ዘይት የሚፈስበት ስህተት ይህ ነው።
- ተጭናችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይ የሆነ ቦታ ዘይት ያፈሳል ወይም የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ) አልቋል። መጀመሪያ ይህ ይጠገን።
- እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ የፍሬን ሰርቮውን (የእግርን ኃይል የሚያግዘውን ክፍል) ፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፣ ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል።
- በፍጥነት ላይ ሲረገጥ እግርን የሚመታ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት እኩል አይደለም። ይህም የአየር ጉዳይ አይደለም።

ቀጥሎ ከማጠራቀሚያው እስከ አራቱም ጎማ ድረስ መስመሩን ተከተሉ። የጎማ ቱቦዎቹን በጣት አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የቸርኬውን የውስጥ ፊትና የታምቡሩን ጀርባ እዩ። እርጥበት ካለ አየር ከማስወጣታችሁ በፊት ያንን ጠግኑ።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ዘይት ምረጡ

የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ ጎሚኒ አይጎዱም። ግን ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ወደ ታች አትውረዱ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ከ5.1 ጋር ቢቀራረብም ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም። ጠርሙሱን በእጃችሁ ይዛችሁ «5» ይበል «5.1» ሁለት ጊዜ እዩ።

ዘይቱ ለምን እንደሚቀየር የሚያስረዳው የመፍላት ነጥቡ ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5.1 እስከ 260። ዘይቱ ግን በቱቦና በክዳን በኩል ከአየር እርጥበት ይስባል። 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባው ዝቅተኛው መስፈርት ወደ 140፣ 155 እና 180 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሲግል ውኃ የያዘው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል። ጠዋት ደህና የነበረው ፔዳል ቁልቁለቱ መሃል ወለል ይነካል። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላለ በየ2 ዓመቱ ቀይሩት።

ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ውኃ ስቧል። ለሙሉ ቅያሪ 1 ሊትር ያልተከፈተ ዘይት ለአብዛኛው የቤት መኪና ይበቃል። ለስህተት የሚሆን ግማሽ ሊትር ተጨማሪ አዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ መሣሪያ አዘጋጁ

- ክሪክ፣ ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና የሚሸከም መቆሚያ) እና ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ ሽብልቅ)።
- ለአየር ማስወጫው ልክ የሚሆን ቁልፍ። በብዛት 8፣ 10 ወይም 11 ቁጥር ነው።
- በዚያው ቁጥር ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ)። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የዛገ ማስወጫ ያበላሻል።
- ውስጡ 5 ሚ.ሜ አካባቢ የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ፣ 50 ሴ.ሜ ያህል።
- ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ።
- አሮጌውን ዘይት ከማጠራቀሚያው ለመሳብ ትልቅ ስሪንጅ።
- የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ የማይበጣጠስ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውኃ።
- ጓንትና መነጽር።
- 4 ሴ.ሜ ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት።

እንጨቱ ፔዳሉ ሥር የሚቀመጥ ነው። በዘወትር አነዳድ ፒስተኑ የማይደርስበት የማስተር ሲሊንደሩ ጫፍ በዓመታት ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ጎሚኒው እዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ይንሸራተትና ይቆረጣል። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ማስተሩ ሞተ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ መኪናውን አዘጋጁ

1. መኪናውን ለጥ ባለና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሽ ይግባ፣ መሬት በሚቀሩት ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረግ። የእጅ ፍሬን ኤሌክትሪክ ከሆነ መመሪያው ላይ ባለው መንገድ ወደ ጥገና ሁኔታ አስገቡት።
2. የጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ አላሉ። አንሱና ካቫሌቶ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ወደተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ።
3. ጎማውን አውጡ። የማስወጫውን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ዝገት ማላቀቂያ ቀቡና 15 ደቂቃ ተዉት።
4. ሁሉንም ማስወጫዎች ዘይት ሳትነኩ በፊት አንድ ጊዜ ፈታ አድርጋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ይህን አትዝለሉ። አንዱ የማይፈታ ከሆነ ገና ምንም ሳይፈስ ማወቅ ይሻላል።

የጠነከረ ማስወጫ ስትፈቱ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ መዝጋት አጥብቁት፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ዝገቱን የሚሰብረው ያ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው። ራሱን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ቀጥቅጡት። ማስወጫው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀጭን ነው፤ ቁልፉ ሳይላላ ብረቱ ሲጣመም ከተሰማችሁ አቁሙ። ከተሰበረ ካሊፐሩን ወይም የጎማውን ሲሊንደር መለወጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ማጠራቀሚያውን ባዶ ሳታደርጉ አድሱ

1. የክዳኑን ዙሪያ ጥረጉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ጎሚኒ ትቆርጣለች።
2. ቀለም ላይ እንዳይፈስ ዙሪያውን ጨርቅ አንጥፉ። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል። ከፈሰሰ በጨርቅ አታሹት፤ ወዲያው ብዙ ውኃ አፍስሱበት።
3. አሮጌውን ዘይት በስሪንጅ ሳቡ፣ ግን ማጠራቀሚያው ግርጌ ያሉት ቀዳዳዎች እስኪጋለጡ አትውረዱ። ቀዳዳው ከተጋለጠ አየር ወደ ማስተሩ ይገባል።
4. አዲሱን ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ክዳኑን ሳታጠብቁ ከላይ አስቀምጡት።

ሸራ ስትቀይሩ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መመለስ ካለባችሁ ማስወጫውን ከፍታችሁ፣ ቱቦ አድርጋችሁ መልሱት፤ ሲጨርስ ወዲያው ዝጉ። ካሊፐር ውስጥ የቆየው ጥቁር ዘይት ወደ ኤቢኤስ ክፍል (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው) ወደ ኋላ እንዳይሄድ ነው።

ደረጃ 6፦ ቅደም ተከተሉን ያዙ

መመሪያው የተለየ ነገር ካላዘዘ ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩና ወደሚቀርበው ኑ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተለመደው የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው። መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ አንዳንድ መኪናዎች ሌላ ቅደም ተከተል አላቸው፤ የመኪናችሁ መመሪያ የሚለው ከዚህኛው ይበልጣል።

ደረጃ 7፦ ጎማው ጋ

ከጥንዶቹ አንዱ ረጋጭ፣ አንዱ ፈቺ ነው። በሦስት ቃል ብቻ ተግባቡ፦ «ይዣለሁ»፣ «ከፈትኩ»፣ «ዘጋሁ»። ሌላ ወሬ አትጨምሩ፤ አየር የሚገባው አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ሲቀር ነው።

1. ፈቺው ቁልፉን ማስወጫው ላይ ያስገባል፣ ከዚያ ቱቦውን ይሰካል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ሁለት ጣት ያህል ንጹሕ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል።
2. ረጋጩ ፔዳሉን በእርጋታ ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ በሦስተኛው ተጭኖ «ይዣለሁ» ይላል። በኃይልና በፍጥነት መርገጥ ትልቁን አረፋ ሰባብሮ ለማውጣት የሚያስቸግር ደቃቅ አረፋ ያደርገዋል።
3. ፈቺው ሩብ ዙር ከፍቶ «ከፈትኩ» ይላል። ፔዳሉ ይወርዳል፤ ረጋጩ እንጨቱ ላይ እስኪያርፍ እየተከተለ ይጫናል፣ እዚያም ይቆያል።
4. ፈቺው ፍሰቱ ሊያቆም ሲል ዘግቶ «ዘጋሁ» ይላል።
5. ረጋጩ እግሩን የሚያነሳው ይህን ቃል ከሰማ በኋላ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይደግማል።

ዓይናችሁ ቱቦው ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሻይ የመሰለ ወይም የጠቆረ ዘይት ይመጣል፤ በመካከሉ ቱቦውን ለሁለት የሚከፍሉ ረጃጅም የአየር ክፍተቶች ታያላችሁ። ቀጥሎ ክፍተቱ ወደ ክብ አረፋ፣ አረፋው ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይለወጣል። የዘይቱ ቀለም እንደ አዲሱ ፈዛዛ ሆኖ በተከታታይ አምስት ርግጫ አንድም አረፋ ሳይታይ ሲቀር ያ ጎማ አልቋል። ለሩቁ የኋላ ጎማ እስከ ሩብ ሊትር፣ ለፊቶቹ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ሊወስድ ይችላል።

በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ሙሉ። በቃል «ገና አለ» አትበሉ፤ ተነስታችሁ እዩ።

ስትጨርሱ ማስወጫውን አጥብቁ፣ ግን በክንድ ሙሉ ኃይል አይደለም። የመመሪያው ልክ ለትናንሾቹ ማስወጫዎች ከ7 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ አጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ እንደማጥበቅ ነው። የላስቲክ ቆቡን መልሱ፤ ቆብ የሌለው ማስወጫ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈታም።

ደረጃ 8፦ ፍሪሲዮኑም በዘይት የሚሠራ ከሆነ

ብዙ መኪናዎች ላይ የፍሪሲዮን ማስተር ዘይት የሚጠጣው ከዚያው ከፍሬኑ ማጠራቀሚያ፣ ጎን ላይ ካለ ቀጭን ቱቦ ነው። የፍሬኑ ተቀይሮ የፍሪሲዮኑ አሮጌ ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። ካምቢዮው አጠገብ ያለውን ትንሽ ሲሊንደር ፈልጉ፤ የራሱ ማስወጫ አለው። አሠራሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ፔዳሉ ወለል ላይ ሊቀር መቻሉ ነው፤ በእጅ መልሳችሁ አንሱት። ሞተሩ እየሠራ ማርሽ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ፣ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ እዚህ አየር ቀርቷል ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ከመንዳታችሁ በፊት ፈትሹ

1. ማጠራቀሚያውን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና ክዳኑን ዝጉ። እንጨቱን ከፔዳሉ ሥር አውጡ።
2. ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ጠንክራችሁ 30 ሰከንድ ያዙ። መውረድ የለበትም። ጓደኛችሁ አራቱንም ማስወጫ በደረቅ ጨርቅ ነክቶ ይይ።
3. ሞተሩን አስነስታችሁ ድገሙት። ሲነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል።
4. ጎማውን መልሱ፣ ዳዶውን በሰያፍ ቅደም ተከተል አጥብቁ።
5. ሰው በሌለበት ለጥ ያለ ቦታ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሄዳችሁ ፍሬን ያዙ፤ ከዚያ በ20፣ ከዚያ በ40 ኪ.ሜ በሰዓት። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ መንገድ አትውጡ።

ያልሠራ እንደሆነ

*አረፋው አያልቅም።* አረፋው ደቃቅና እኩል ከሆነ፣ በተለይ በመሳቢያ ፓምፕ የምትሠሩ ከሆነ፣ አየሩ የሚገባው በማስወጫው ጥርስ በኩል ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በፔዳል ርግጫ ፈትሹት፤ ከጠፋ ያ ነበር።

*ከቱቦው አረፋ አይወጣም፣ ፔዳሉ ግን ለስላሳ ነው።* ካሊፐሩ ተቀይሮ ከሆነ ማስወጫው የት እንደሆነ እዩ። ከላይ መሆን አለበት። የግራና የቀኝ ካሊፐር ከተቀያየሩ ማስወጫው ታች ይሆናል፤ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ንጹሕ ዘይት ብቻ ከታች ይፈስሳል። ዓመቱን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም። ካሊፐሮቹን አቀያይሩ።

*ከኋላ ዘይት በጣም ቀጭን ሆኖ ይወጣል።* ፒክአፕና ጭነት መኪና ላይ ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘ፣ እንደ ጭነቱ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ አለ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሲቀር ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፣ ይዘጋጋል። ካቫሌቶውን ከሻሲው አውጥታችሁ አክስሉ ሥር አድርጉ። ያም ካልረዳ የጎማ ቱቦው ውስጡ አብጦ ተዘግቷል፤ ቀይሩት።

*ማጠራቀሚያው ባዶ ሆነብን።* አየሩ ማስተሩ ውስጥ ነው። ሙሉት፣ የማስተሩ መውጫ ቧንቧ ሥር ጨርቅ አድርጉ፣ ረጋጩ ሲይዝ ዳዶውን ትንሽ አላልታችሁ መልሳችሁ አጥብቁ፤ አረፋ እስኪጠፋ ለእያንዳንዱ መውጫ ድገሙ። ከዚያ ከሩቁ ጎማ እንደ አዲስ ጀምሩ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ አየሩ ወደ ክፍሉ ከገባ በእግር ብቻ ላይወጣ ይችላል፤ ቫልቮቹን በመመርመሪያ ማሽን ማንቀሳቀስና እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል።

*በስህተት የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ተጨመረ።* ፔዳሉን አንድ ጊዜም አትርገጡ። የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ዘይት አይመልስም፣ ጎማውም ይዞ ይቀራል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይዋሃዳል፤ የሞተር ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ተንሳፍፎ ከታየና ፔዳሉ ተረግጦ ከነበረ ማስተሩን፣ የካሊፐርና የሲሊንደር ጎሚኒዎችን፣ የጎማ ቱቦዎችን ሁሉ መቀየር እንጂ ማጠብ አይበቃም።

*ዘይቱ ከሳምንታት በኋላ ከምልክቱ ወረደ።* ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። መጀመሪያ የሸራውን ውፍረት ለኩ። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከቀነሰ ግን የሚያፈስ ቦታ አለና መኪናውን ሳትነዱ ፈልጉት።

አሮጌውን ዘይት ወደ ጠርሙሱ አፍሳችሁ ክደኑ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጻፉበት፣ ከሞተር ዘይት ጋር አትቀላቅሉት፣ መሬትና ቦይ ላይም አታፍስሱት። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ቀዝቃዛ እያለ፣ ማጠራቀሚያውንና አራቱን ማስወጫ እንደገና እዩ።